ውሻሽን ያዢ

በጎቢ ሜዳ ላይ እንግዳ በር አያንኳኳም፤
ከሩቅ ይጣራል እንጂ፣ «ውሻ ያዙ!» ብሎ።
እኔ ምን ልያዝ?
ውሌ የሁለት ዓመት፣ ሻንጣዬ ጎዶሎ።

ጎረቤቴ ዶልጎር፣ በኅዳር ማለዳ፣
ከካፖርቷ እጅጌ አወጣች እንግዳ፦
ጥቁር፣ ጆሮ ቆልማማ፣ ከጡጫ የማይበልጥ።
«ሌሊት ብቻሽን ስታወሪ ሰማሁ፤
የሚሰማሽ ላምጣ ብዬ መጣሁ።»

የድርጅቱ መመሪያ፣ አንቀጽ ስድስት፣
«እንስሳ ማሳደግ ክልክል ነው» ይላል።
አነበብኩት፤ አነጠፍኩለት፤
ሌሊቱን ሙሉ ሸናበት።

ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ብርድ፣ ከዚያ የተበላ ጫማ።
ትናንት ነፋሱ ሲያፏጭ፣ ከወዲያ ከጨለማ፣
«አስተማሪ! ውሻሽን ያዢ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወጣሁ። ያዝኩት።
ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል።
ውሌ ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀረዋል፤
እሱ የፈረመው ነገር የለም።