የወንበሩ ዘበኛ

አስፋልቱ ሲያልቅበት፣ ከኮዬ ፈጬ ማዶ፣
ባጃጁም «በቃኝ» ብሎ፣ ሰው በእግሩ ሲሄድ ወርዶ፣
ጤና ጣቢያ አለልህ፣ ባለ ሰማያዊ በር፤
እኔ ነኝ ዘበኛው። የምጠብቀው ወንበር።

ተራ ወንበር እንዳይመስልህ፣
ወደ ኋላ የሚያስተኛህ፣
መብራት ያለው፣ ምራቅ መትፊያ፣
ጎኑ ላይ የመሣሪያ ማንጠልጠያ።
በአይሱዙ የመጣ ዕለት ሰፈሩ እልል ብሎ፣
ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ውሎ፣
ማታ ሁሉም ሲሄድ እኔና እሱ ቀረን፤
ላስቲኩ ሳይገፈፍ ዓመት ሙሉ አደርን።

ሐኪም አልነበረውማ።
መጥተውስ ነበር፣ ሁለት፣ እንዳልዋሽ።
አንዱ አራት ወር ቆየ፤ እጁ ቀላል፣ ነፍሱ ለስላሳ፤
ደሞዙን ኪራይ በልቶት፣ ታክሲ በልቶበት ምሳ፣
አንድ ሰኞ ቀረ። ቦሌ ነው አሉ አሁን፣
መስታወት ቤት ውስጥ ጥርስ ሲያነጣ ቀኑን።
አልፈርድበትም፤ እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ።
ሁለተኛዋ ሻንጣዋንም አልፈታች፤ በሩን ከፍቼ ሸኝቻለሁ።
ወንበሩን ላስቲኩን መልሼ አለበስኩት፤
እንደ ሬሳ አይደለም፤ እንደ ሙሽራ ሸፈንኩት።

ጥርስ ግን ዝውውር አያውቅም፣ በጀት ዓመት አይጠብቅም፤
ሌሊት ተነስቶ ያንኳኳል፤ እምቢ ቢሉት አይርቅም።
ጎህ ሳይቀድ ከበሩ ይቆማል፣ ጉንጩን በሻሽ አስሮ፣
የብሎኬት ሠራተኛው፣ ሲሚንቶ ከቅንድቡ አድሮ።
«ጋሼ፣ ሐኪሙ አልገባም?»
«አልገባም።»
«መች ይገባል?»
ምን ልበለው? ወንበር ብቻውን ጥርስ ይነቅላል?

ቅርንፉድ ነክሶ፣ በአረቄ ተጉመጥምጦ፣
ሲብስበት ወደ መርጊያ፣ እየተንፏቀቀ፣ አምጦ።
መርጊያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉጠቱን እሳት ላይ ያሳርፋል፤
አንዳንዴ ብቻ ደህናውን ነቅሎ የታመመውን ያተርፋል።

በዳሳን የቀበርነው በጉንጭ እብጠት ነው።
አንገቱ ወርዶ፣ ትንፋሹ ጠቦ፣
ሪፈሩ ኪሱ ውስጥ፣ መኪና ስንጠብቅ ነው።
«የጥርስ ሕመም ይገድላል እንዴ?» ብሎ ዕድሩ ተገረመ።
ወደ ክፍሉ ገባሁ። ወንበሩ ላስቲኩን እንደለበሰ ቆመ።

ልጁ ሌንሴ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች።
አላለቀሰችም፤ መጥታ ላስቲኩን በጣቷ ነካች።
«በዚህ የሚሠራው ማነው?» አለችኝ። «የተማረ ሰው።»
«ስንት ዓመት የተማረ?» «እኔ ምን አውቄ...» ሄደች ሳልጨርሰው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ነጭ ጋዋን፣ ጭቃ የበላው ጫማ፣
የምደባ ደብዳቤ ይዛ፣ «እዚሁ ነኝ» ስትል ጆሮዬ እየሰማ
አላመነም።
ላስቲኩን ገፈፍነው። አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።
ቧንቧው ደረቅ ነበር፤ ከቦኖ በጀሪካን አመላለስን።
መብራት ሄደ፤ የጽዳቷ ብርዛፍ ስልኳን አበራች።
«ማን ይቅደም?» አለች።
ሰልፉ ዝም። ጉጠት የለመደ ሕዝብ እጅ ሁሉ ጉጠት ይመስለዋል።
ደሞ ትናንት በራችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተች ልጅ
ዛሬ ሐኪም ናት ቢሉት ማን ያምናል?
«እኔ» አልኩ።
ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ወንበር ላይ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

መርፌው እንደ ጉንዳን ነከሰኝ፤ ከዚያ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤
የእኔ ባዳ ወጣ፣ ሰሃኑ ላይ ቅጭል አለ።
ላዬ ላይ ያጎነበሰችው ግን የሰፈር ልጅ ናት፤
ግንባሯ ላይ የበዳሳን መስመር አየሁባት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የጤና ኤክስቴንሽኖቹን ትሰበስባለች፤
ድድ እንዴት እንደሚታይ፣ የቱ እብጠት ቀን እንደማይሰጥ ታሳያለች።
መርጊያንም ጠራችው። የባሰበትን በባጃጅ ይልክልናል፤
ጉጠቱን ግን አልሰጠም። «ለማንኛውም» ይላል።
አልተቆጣሁትም።
ደሞዟን አልጠይቃትም፤ የቤት ኪራዩን ግን አውቃለሁ፤
ሰኞ ሰኞ ከንጋቱ ጀምሮ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

ላስቲኩንም እኔ አልጣልኩትም ነበር፣
አጥፌ ከአልጋዬ ሥር።
ትናንት የጥቅምት ዝናብ ድንገት ሲወርድ፣
ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ጉንጩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ በብርድ፣
አወጣሁት፤
ከበረንዳው እስከ አጥሩ ወጠርኩት።