ተሳታፊ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቃት በቁጥር፤
ሠላሳ አንድ ነበረች፣ ስሟ ሳይነገር።
ቫልዲቪያ ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ምድር ቤት፣
ወረቀት ነው ሥራዬ፣ የሰው እጅ ያለበት።
በየወሩ ይደርሳል ከቺሎዌ ደሴት
በላስቲክ ታሽጎ፣ ጨው የነካው ፖስታ፤
ውስጡ ጥምዝ መስመር፣ የሚዞር በዝግታ፣
ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚወጣ፣
ልክ እንደ ቀንድ አውጣ።

የሚንቀጠቀጥ እጅ እርሳስ ሲያስይዙት፣
«ከመሃል ጀምረህ ዙር» ብለው ሲያዝዙት፣
መስመሩ ይፈራል፤
ጠጠር እንደነካው ኩሬ ይርገበገባል።
እኔ በማስመሪያ ፍርሃቱን ለካሁ፣
በሚሊሜትር ሰፈርኩ፣ በሠንጠረዥ ተካሁ።

መድኃኒቱ አዲስ ነው። ግማሹ ሰው ዋጠው፤
የቀረው ግማሽ ግን ስኳር ነው የሰጠነው፤
ያው ነጭ፣ ያው ድቡልቡል፣
ሰሙ ያው ሰም ሆኖ፣ ወርቅ የሌለው ቅኔ።
ማን የቱን እንደዋጠ
አታውቅም ሐኪሟ፣ ነርሱም፣ ዋጪውም፣ እኔ።
ሕጉ እንዲህ ይላል፦ እውነት የሚገኘው
ዓይን ታስሮ ነው።

የሠላሳ አንድ ጥምዝ፣ ሲጀመር፣ በጠሰ፤
እሾሁ የበዛ አጥር ነው፣ የፈረሰ።
በስድስተኛው ወር መለስ አለ፣ ቀና፤
በዓመቱ ለሰለሰ። ኋላማ ሲመጣ
ክር ነው፣ ከድውር ላይ በእርጋታ የወጣ።
አልዋሽም፣ ወደድኳት። ፖስታው በመጣ ቁጥር
የሷን አስቀድሜ እፈልግ ነበር።
«ሠራ!» አልኩ ለራሴ፣ ቀስ ብዬ፣ በሹክሹክታ፤
ሙያዬ አይፈቅድም የዚህ ዓይነት ደስታ።

ግንቦት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ምስጢሩ ተፈታ።
ዝርዝሩን ከፈትኩት፤ ጣቴ ቁልቁል ወርዶ
ሠላሳ አንድ ጋ ቆመ።
ስኳር።
ሁለት ዓመት ሙሉ የዋጠችው ስኳር።
መድኃኒት የዋጡትስ? ደጋግሜ ደመርኩ፤
ከስኳሩ አልበለጠም፣ ከስኳሩም አላነሰ።
አንድ ጠብታ ዝናብ መስኮቴ ላይ ፈሰሰ፣
ወይም ብዙ ነበር፤ እኔ አንዷን ቆጠርኩ።

ሂሜና ኦያርሱን፣ ሐኪሟ፣ ዝም አለች፤
ቆይታ «ሄደን እንንገራት፣ ይገባታል» አለች።
ጀልባው ሦስት ሰዓት፣ ዝናቡ ጎን ለጎን፣
ከድንች ጆንያና ከበግ አዳብሎን።

ቤቷ እንጨት ለብሷል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት።
ስሟ ኤደልሚራ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፤
እንዝርቷን ያስጣላት መንቀጥቀጥ፣ ጠላቷ።
ሂሜና ነገረቻት፤ ቃል አላሳመረች፤
«ስኳር ነበር» አለች።
«ታዲያ ጥምዙ?» አልኩኝ፣ «ያ ሁሉ መቃናት?»
እንደ ተያዘ ሌባ ፊቷን ዞር አደረገች፤
ከምድጃው በላይ ወዳለው መስኮት።

«ማታ ማታ» አለች፣ «እንፋሎት ሲያለብሰው፣
በጣቴ አጠናሁት፤ እስኪነጋ ስንቴ አበላሸሁት።
ይህን ሁሉ ባሕር ለኔ ስትል መጥታ
የተንሻፈፈ ዙር አሳይቼ ልሸኛት?
ፈተና መስሎኝ ነው፤
መውደቅ አልፈለግኩም።»

ከዚያ እንዝርቷን አነሣች፣ ልታሳየን ብላ፤
አንዴ ዞረ፣ ተንገዳገደ፣
ከእጇ ተፈተለከ፤ ወለሉ ላይ ሄደ።
ጥምዙን ነው የቻለችው። እጇማ እንዳለ ነው።

ጽሑፋችን ታተመ፣ ሦስቴ ከተመለሰ በኋላ።
ገጽ ዘጠኝ፣ ግርጌው ጋ፣ «የጥናቱ ጉድለት» በሚለው ሥር፣
አንዲት ዐረፍተ ነገር፦
«ተሳታፊዎች ቤታቸው ሊለማመዱ እንደሚችሉ
አስቀድመን አላሰብንም ነበር።»
እስካሁን ስለ እሷ የጠየቀን የለም።

ያን ዕለት ስንመለስ፣ የጀልባው መስታወት
ጉም ለብሶ ነበር። ሂሜና ጓንቷን አወለቀች፤
ከመሃል ጀመረች።
እኔ በዓይኔ ለካሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤
ሁለት ሚሊሜትር ተንቀጥቅጣለች።
ማዕበሉ ይሆናል።
አልመዘገብኩትም።