የጋሽ ተካልኝ መሳቢያ

አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ደረጃው ቁልቁል ሲያልቅ፣
ፎርማሊን የሚሸት አንድ ክፍል አለ፤
መስኮቱ ከመንገድ እኩል፣ ሰው አይታይበትም፣
ጫማ ብቻ ያልፋል እየተቻኮለ።

ጋሽ ተካልኝ ነው ጠባቂው፤ የድሮ ባሕረኛ፣
ባሕር የሌላት አገር ጡረታ የምትከፍለው።
ከመሳቢያው አወጣና አንድ ነገር አስያዘኝ፣
«ገምት» አለኝ። «እንጃ… የተቃጠለ ቆዳ ነው?»

ጥቁር ነው። ቀላል ነው። የመነጽር ማኅደር ያህላል፣
ከጎኑ እንደ በቆሎ ፀጉር ጭገር ተንጠልጥሏል።
«የሻርክ እንቁላል» አለኝ። «ሻርክም ይፈለፈላል?»
«እንደ እናቲቱ ነው። አንዳንዷ ታረግዛለች፣
አንዳንዷ ግን በዚህ ጭገር ድንጋይ ላይ ታስረውና
ዞራም ሳታይ ትሄዳለች።»

ምጽዋ ነው። መረብ ያወጣውን በባልዲ አስቀምጦ፣
የባሕሩን ውሃ በየማታው ለውጦ፣
ከባትሪ መብራት ጋር አፋጦ ያየው ነበር፦
መጀመሪያ አስኳል ብቻ፣ ድፍን እንደ ጀንበር፤
ቀጥሎ ክር፣
ቀጥሎ የክሩ ጫፍ መርገብገብ ሲጀምር፤
ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም፣ ጅራት ነው ቀን ከሌት፣
ውሃው ካልተናወጠ ትንፋሽ የለምና ባንድ ክፍል ቤት።

«ወራት ሲያልፉ» አለ፣ «ግድግዳው በአራት በኩል ተሰነጠቀ፤
ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ።
ለካ በር ነው፣ ቀኑን ጠብቆ የተፈለቀቀ፤
ባሕሩ ገባ።
አስኳሉ እየከሳ፣ እሱ እየወፈረ፣
አንገቱ ላይ ቀይ ክር፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር፣
የሜዳ አህያ መስሎ፣ እዚያው ተጣጥፎ ኖረ።
ታዲያ እጄ በመብራቱ ፊት ካለፈ፣
ጥላዬ ብቻ እንኳ ከላዩ ላይ ካረፈ፣
ቀጥ!
ጅራት የለ። ትንፋሽ የለ።
ያልተወለደን ልጅ መደበቅ ማን አስ—»

መስኮቱ ላይ ጥላ ወደቀ። ሁለት ቡትስ
ቆሙ።
ጋሽ ተካልኝ አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤
እጁ አየር ላይ፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ።
ሰባት ድረስ ቆጠርኩ፣ ደረቱ ሳይነሳ።
ከላይ ክብሪት ተጫረ፤ ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሄደ፤
ከማዶ የታክሲ ረዳት፣ «ፒያሳ! ፒያሳ!»

«…ተማረው?» አለ።

እኔም ያን ትቼ ሌላውን ጠየቅሁ፣ «ወጣ ወይ በመጨረሻ?»
«መርከቡ ላይመለስ ሊነሳ፣ ያን ለት ንጋት።
ስንዝር ከምናምን ነው። ባልዲውን ወደ ባሕር ደፋሁት።
እሱ ገባ።
እኛ ወዲህ ወጣን።»

ከረጢቱን ካፍንጫው አስጠግቶ፣ ወደኔም ሰደደው፤
«ይኸው ሠላሳ ዓመት። አሁንም ጨው ይሸታል፣ አይደል?»
አሸተትኩት። ፎርማሊን ነው።
«አዎ» አልኩት፣ «ጨው ጨው ይላል።»