የታረሰ ወለል

ጭጋግ ከተራራው ወደ ሲንትራ ወርዶ
ጣራና ጎዳናን ባንድ ሸማ ጋርዶ፣
ከቤተ መንግሥቱ ሁለት ጫፍ ብቻ አለ፣
እንደ መሶብ ክዳን ወደ ላይ የሾለ፤
የወጥ ቤት ጭስ መውጫ፣ ኖራ የተቀባ፣
ስንት በሬ ታርዶ፣ ስንት አጋዘን ገባ!
ዛሬ ግን ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፣ ድንጋይ፤
አንጋጥጠው ሲያዩት፣ ሳንቲም ያህል ሰማይ።

አንድ ሰው አልሠራው። አረብ ጀመረበት፣
ልጅ ካባቱ ግንብ ላይ ክፍል ጨመረበት፣
መስኮቱ ከመስኮት ወርዱ አልተስማማ፣
ደረጃው ይወርዳል ሊወጣ ሲያቅማማ።
የግድግዳው ሸክላ፣ የባሕር ቀለሙ፣
ለጣት በረዶው ነው፣ ለዐይን ግን ፍሙ።

አንዱ ጣራ ሞልቷል በለፍላፊ ወፎች፤
ንጉሥ ሲስም ታይቶ ቢያሙት ደንገጡሮች፣
ሴቶቹን ቆጥሮ ነው ወፎቹን ያሣለ፣
"ለበጎ ነው" የሚል ካፋቸው ያዋለ።
ይህን ይተርካሉ።
እኔ ግን የመጣሁ ለወለል ነው።

ቤልሚራ፣ ጠራጊዋ፣ ቁልፏን አንቃጭላ
በጠባብ ደረጃ ወሰደችኝ ኋላ፤
"እዚህ ነው" አለችኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፤
ዘብ የቆመበት ደጅ ዛሬ ገመድ አለበት።

ወንድሙ ዙፋኑን፣ ሚስቱንም ወረሰ፤
እሱን እዚህ ዘጋው። ማን ሄዶ ከሰሰ?
"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ"
ይባል የለም እኛ ዘንድ?
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከመስኮት እስከ በር፣
ከበር እስከ መስኮት ይመላለስ ነበር፤
ጫማው ሸክላ በልቶ፣ ሸክላው ጫማ በልቶ፣
ቀለሙ ጠፋና ትልም ቀረ ወጥቶ።
ሰማይ አልታረሰም። ወለል ግን ታረሰ፤
አራሹም በሬውም ያው ንጉሥ፤ ምን አፈሰ?

"አንድ ዓመት" አለችኝ፣ "ከዋናው ከተማ
ኤቫሪስቱ መጣ መሮውን ሊያሰማ፤
'ጎድጓዳውን ሞልቼ ላስተካክል' ብሎ
ያመጣውን ሸክላ ደረደረ ጥሎ።
እኔ ምን እላለሁ? ጠራጊ ነኝ፤ ጠረግሁ፤
ባልዲዬን አንስቼ ውሃዬን አፈሰስሁ።
ውሃው መንገድ አልጠየቀም።
ከመስኮቱ ተነሣ፣ እስከ በሩ ሄደ፣
በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ እንደ ተገደደ፣
ዞረ፣ ተመለሰ፣ ልክ እንደ ለመደ።
ኤቫሪስቱ አየ፤ ቆቡን አወለቀ፤
መሮውን ጠቅልሎ ሸክላውን አራቀ።
'ሰው አለበት' አለኝ፤ ወጣ ሳይሰናበት፣
ስድስት ሸክላ ትቶ፤
ቤቴ ወስጄው ነው፣ ድስት አሳርፍበት።"

ታች አዳራሹ ውስጥ ጎብኚ ያንጋጥጣል፣
የመኳንንት አርማ በወርቅ ይቆጥራል።
ግንብ ያሠራ ሁሉ ስሙን በግንብ ጣፈ፤
ይህ ድንጋይ አልጫነ፣ በር እንኳ አላለፈ፣
አምስት ክንድ ትልም ነው ርስቱ የተረፈ።

ቤልሚራ መወልወያዋን ጨመቀች።
ውሃው ከመስኮቱ ሥር ወደ እኔ መጣ፣ ሳይቸኩል።
"እግርህን አንሣ" አለች።
አነሣሁ፤
ግድግዳው ጥግ ቆምሁ፣ ባርኔጣዬ በእጄ፣
እስኪያልፍ ድረስ።