ወደ ኋላ የምታይ ወንበር

ከበረሳ ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው፣
ጣራው የጎበጠው ብየዳ ቤት የኔ ነው።
በር ነው የምሠራው፣ የመስኮት ፍርግርግ፣
ጀልባ ለዚህ አገር፣ ለብርድ፣ ምን ሊያደርግ?
ማስተዋል ናት እንጂ፣ የኔ ተለማማጅ፣
በኤሌክትሮድ ካርቶን ላይ፣ በጠመኔ፣ በእጅ፣
ስላ ያመጣችው።

በስልኳ አይታለች፤ ሰው በአንድ ሳንቃ ቆሞ፣
በገመድ ሲጎተት፣ ዘሎ፣ አየር ላይ ከርሞ።
«ጋሼ ዘርጋው» አለች፣ «ይሄኛው ድሮ ነው፤
ነዳጅ እየጠጣ ያጓራል ጀልባቸው።
የኛው ዝም ይበል፣ በኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ፣
ክንፍ ይኑረው ከሥሩ፣ እንደ አሞራ በራሪ፤
ሆዱን ውሃ ይሙላ፣ ይክበድ፣ ይጎንበስና፣
ማዕበል ይውለድ፤ ሲያበቃ ይትፋውና
ቀሎ ይመለስ።
ገመዱም ይሰማው፤ እጅ ሲላላ ያውቃል፣
ልቀቅ ሳይሉት በፊት ራሱ ይለቃል።
ነጂም አያስፈልገው፤ ዓይን አለው፣ ካሜራ፣
ሰው ሲወድቅ አይቶ ዞሮ የሚጣራ።»

«ውሃውስ?» አልኳት።
ሳቀች።
ውሃው የድንጋይ ካባ ነው፣ ከጠባሴ ማዶ፣
ሦስት ክረምት ያቆረ፣ ዳሩ ሁሉ በረዶ።

«ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ጠዋት ያለፈው፣
ማታ ተመልሶ በርሜል ሲያቀብል አረፈው።
አምስት ሰማያዊ በርሜል ለሁለት ሰንጥቀን፣
ከአሮጌ የበር ላሜራ ጎድን አጥንት ጠምዝዘን፣
ክንፉን ከሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ቆረጥነው፤
«ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ እስካሁን አለው።

በጥር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሣሩ አመዳይ ጎርሶ፣
አብነት ሳንቃው ላይ ወጣ፣ ሁለት ሹራብ ለብሶ።
ጀልባው ድምፅ አልነበረው።
በክንፉ ተነሣ፣ ልክ እሷ እንዳለችው፣
ልብሱን ሰብስቦ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው።
ሆዱን ሞላ፣ ጎነበሰ፤
ማዕበል ወለደ፤ ትንሽ ናት፣ የጉልበት ያህል፣
ግን ማዕበል ናት! ደብረ ብርሃን ላይ፣ ማዕበል!
አብነት ዘለለ፤
ሕዝቡ እሪ አለ፤
ወደቀ።
ገመዱ ወዲያው ለቀቀ።

ጀልባው ግን አልዞረም። ጉም ተነሥቶ ከውሃው፣
የካሜራውን ዓይን እንደ ሞራ ሲጋርደው፣
ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ማዶ ደርሶ በጨዋ ደንብ ቆመ፣
መብራቱን ብልጭ አደረገ፦ ሁሉ ደኅና፣ ሥራው ተፈጸመ።

እኔ የማየው ጀልባውን፣
ሰዉ ሁሉ ጀልባውን፣
ጀልባው ደግሞ ፊቱን።
ማስተዋል ብቻ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል፣ ለጀልባው ጀርባ ሰጥታ፣
«እዚያ! ሹራቡ!» አለች፣ ጣቷ ጉሙ ውስጥ ገብታ።
ከመነዳሪ ወረወርን፣ ጎተትን፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ወጣ፣
ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «እንድገም» ሊል መጣ።

ያን ሌሊት የሠራነውን አላጣጣልንም።
ጉም የሚጠርግ ሙቅ ሽቦ ለዓይኑ ታስቦለታል፣
ነገ ከነገ ወዲያ ከኛ ይበልጥ ያያል።
ማስተዋል ደግሞ ሌላ ካርቶን ገልብጣ ትስላለች፤
ዳር ሳይደርስ ራሱን የሚበላ ማዕበል፣ የሰው ማሳ የማይሸረሽር፣
ጨርሶ ገመድ የሌለው፣ በማይታይ ነገር የሚያስር።
እኔ ያልገባኝን አልጠይቅም፤ ብረት ነው የማውቀው።
ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ሳልለካ፣ ሳላማክር፦
ከጀልባው ጫፍ አንዲት ወንበር፣ ጀርባዋ ለመሄጃው፣
ፊቷ ለወደቀው።

አሁን ልጆቹ ይመጣሉ፤ «ጀልባው ራሱ ይነዳል፣
ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
ወንበሯ ለማን ናት?»
«ክንፉ አለ፣ ዓይኑ አለ፣ ባትሪው ሙሉ ነው» እላለሁ፣
«ማስተዋል ከሌለችበት ግን እኔ እፈራዋለሁ።»
እሷ ሰምታ ትስቃለች።
ከፋብሪካው የተረፈ የብርድ ልብስ ቁራጭ
ወንበሯ ላይ አንጥፋለች፤
ብረት ይቀዘቅዛላ።