የሁንዴ ማራገቢያ

ከፖስታ ቤት ወረድ፣ ከባጃጁ ተራ፣
አዳማ፤ ሁንዴ ሱቁን ከፍቷል፣ ማንንም ሳይጠራ።
የታፔላው ጽሑፍ፣ ፀሐይ ጫፉን ልሶት፣
“ኮም” ላይ ቆሟል ዛሬ፣ ቀሪው ፊደል ጠፍቶት።

ድሮ መስከረም ላይ፣ ኮሌጁ ሲከፈት፣
ሰልፉ ይጠማዘዝ ነበር እስከ ዳቦ ቤት።
አባት በሬ ሸጦ፣ ከአርሲ ድረስ መጥቶ፣
“ልጄን ታስተምራለች?” ይል ነበር፣ ሳጥኗን በጣቱ ነክቶ።

ትናንት አንዲት ልጅ ገባች፣ የስልክ መስታወት ፈልጋ፤
“ይሄ ምንድን ነው?” አለች፣ አንገቷን አስግጋ።
“ስልክሽ ነው” አላት፣ “ሳይከሳ በፊት።”
ሳቀች። ከፈለች። ወጣች።

ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ጋለ። ካቻቢቴ አንስቶ
ከሳጥኗ ሆድ ማራገቢያዋን ፈታ፣
ወደ ፊቱ አዞራት።

ያኔ ሳጥኗ ስታሰላ ነበረ የምታበርደው፤
ዛሬ ኪራይ ሲያሰላ፣ የሁንዴ ግንባር ነው የጋለው።