የመመለሻ ቀን

በእሪ በከንቱና በሰባራ ባቡር መካከል፣
የተሰበረ ወንበር ሲከመርባት የኖረች ክፍል፣
አራት መደርደሪያ፣ አንድ ጎኑ የረገበ ሉል፣
አንድ የቀን ማኅተም፤
እኔም አለሁ ደግሞ፣ ዝም በሉ እያልኩ እኔው ዝም የማልል የትም።
ስሜ አምሳለ ነው፣ በደሞዝ ቀን ብቻ የሚጠራ፤
ለልጆቹ "እትዬ ማኅተም" ነኝ፣ ለእናቶቻቸውም በተራ።

ሐሙስ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል፣
ስድስተኛ "ለ" ለሥነ ዜጋ ይጎርፋል።
መጽሐፉ መብትን በግራ፣ ግዴታን በቀኝ ከፍሎ አስምሯል፣
ልጁም እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ሸምድዶ ያነበንበዋል።
አንድ ሐሙስ የካርዱን መሳቢያ ጎትቼ አወጣሁ፣
(ኮምፒውተር ሊመጣ ነው ተብሎ ጥግ የተገፋውን)
ለእያንዳንዳቸው ባዶ ካርድ ሰጠሁ።
"ሰፈራችሁን ጻፉ፤ ማን ነበረ፣ ምን ይሰማ ነበር ማታ፤
ካርዱ ትንሽ ነውና አታብዙ ሐተታ።"

ኢዮስያስ ጻፈ፦
"ስምንት ቤት። አንድ መጸዳጃ። አንድ ቁልፍ፣ በበሬ ቀንድ ላይ የታሰረ።
ተራው የደረሰ ያጥባል። አባቴ አንድ ቀን ዘለለ፤
እስከ ዛሬ ይነሣበታል።"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ሳቁ ሲበርድ፣ "ግዴታ ማለት ይኼ ነው" አልኩ፣
"ያውም መጽሐፉ ውስጥ ካለው ይልቅ ሽታ ያለው።"

ኬነሳ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ሣለ፤ አንድም ቃል አልጻፈም።
ሰውዬው ጥርስ የለውም፤ የሞተ ሰው ስም ግን አይስትም።

ሶስና እጇን አወጣች፦
"እትዬ፣ እሪ በከንቱ... ማነው እሪ ያለው?"
"አላውቅም" አልኳት፤ እውነቴን ነው።
ስሙ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ነው አድራሻ ሆኖ የቀረው።

ነጂባ የመጣችው በግንቦት፣ ከኮዬ ፈጬ፣
በሁለት አውቶቡስ። እዚህ መማር ካቆመች ቆይታለች፤
ዩኒፎርሟም ሌላ ቀለም ሆኗል።
በፌስታል የጠቀለለችውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤
ስምንት ወር ዘግይቷል።
ስገልጠው ከመሀሉ የቤት ቁጥር ቆርቆሮ ወደቀ፣
ሰማያዊ፣ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ያለው።
"ዕልባት አጥቼ ነው" አለች፣
"በሩ ሲነሣ አባባ የነቀለው።"

"ቅጣቱ ስንት ነው፣ እትዬ?"
"የለም።"
(በቀን ሃምሳ ሳንቲም ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ።)
መሳቢያውን አየች። ካርዶቹን በጣቷ ገለጠች፣
"ዶሮ ማነቂያ" የሚለውን እስክታገኝ።
አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፦
"እሺ፣ ሰፈራችንንስ የተዋሰው ማነው?
የመመለሻው ቀን መቼ ነው?"

ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር።
የዓመቱ ጎማ ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤
ቀኑን እመታለሁ፣ ዓመቱን በእስክሪብቶ ነው የምሞላው።
"መንገዱ እኮ ሰፋ" ልላት ነበር፣ "ዛፍም ተተከለ።"
እውነት ነው፣ ተተክሏል።
ቃሉ ግን አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤
ካርዱን ብቻ ሰጠኋት፣ የምትጨምረው ካለ።

ጳጉሜን ላይ ቆጠራ አለብኝ፤
ማን ምን ወሰደ፣ ማን ምን መለሰ፣ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል።
ደንቦቼ ብዙ አይደሉም፤ አንዱን ግን ለማንም አላላላም፦
ያልተመለሰ አይሰረዝም።
ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣
ከነሙሉ ስሙ፣ ከነወጣበት ቀን፣
ወረቀቱ አልቆ እንኳ ቢሆን።

ዘንድሮ ልጆቹ ሊያግዙኝ መጡ፤
ኢዮስያስ ይጠራል፣ ኬነሳ ምልክት ያደርጋል።
የመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በነጂባ እጅ ጽሑፍ፣
እኔ ሳላይ የገባ አንድ መስመር ተገኘ።
ኢዮስያስ ጣቱን እዚያው ላይ አቆመ፦
"እትዬ፣ ይኼም ይዛወር?"
"ስሙን ጥራው" አልኩ።
ጠራው።
ዝናቡ ጣሪያው ላይ ነበር፤ አልሰማሁም።
"ድገመው" አልኩት፤
ጮክ ብሎ ደገመ።